ልደታቸውን የሚፈሩ ልጆች

የአሜሪካ ፊልም የሚወድ ሰው ሁሉ ይህችን ነገር በቃሉ ያውቃታል። ፖሊሱ በተጠርጣሪው እጅ ላይ ካቴና እያጠለቀ፣ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለው መንግሥት እንደሚያቆምለት ይነግረዋል። ይህ የፊልም ማጣፈጫ አይደለም። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 ክላረንስ ጊዲዮን በተባለ ደሃ እስረኛ ጉዳይ ያጸናው መብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ ጥፋት ፈጽመዋል ተብለው ለሚከሰሱ ልጆችም ተፈቀደ።

ፊልሞቹ የማይነግሩን ነገር አለ። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ይህ መብት የለም። ከሀገር የማስወጣት ክርክር እንደ ወንጀል ሳይሆን እንደ ፍትሐ ብሔር ጉዳይ ስለሚታይ፣ ሰው ጠበቃ ማቆም ይችላል፤ መንግሥት ግን የመክፈል ግዴታ የለበትም። ተከራካሪው የአምስት ዓመት ልጅ ቢሆንም ሕጉ ያው ነው። በወዲያኛው ወገን የመንግሥት የሕግ ባለሙያ ይቆማል። አንድ ከፍተኛ የኢሚግሬሽን ዳኛ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆችን እንኳ የኢሚግሬሽን ሕግ ማስተማር እንደሚቻል ቃል መስጠታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሰማ፣ ብዙዎች ጆሯቸውን ማመን አቅቷቸው ነበር።

ከእነዚህ ልጆች መካከል የአንዳንዶቹ ነገር ይለያል፤ አሳዳጊያቸው ራሱ መንግሥት ነው። በአሜሪካ ወላጆቹ የጎዱት ወይም የተዉት ልጅ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በክፍለ ግዛቱ ኃላፊነት ሥር ሆኖ ፎስተር ኬር ይገባል። መንግሥት እየከፈለ ሌላ ቤተሰብ ለጊዜው ያሳድገዋል ማለት ነው።

ይህ ከምናውቀው ጉዲፈቻ ጋር እንዳይምታታብን። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የውጭ ሀገር ጉዲፈቻን እስክትከለክል ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወደ አሜሪካ ሄደዋል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሚሠራ ሕግ መሠረት፣ መስፈርቱን ያሟላ የጉዲፈቻ ልጅ ዜግነት በቀጥታ ያገኛል። የፎስተር ኬር ልጅ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። መኖሪያ ፈቃድ ሳይኖረው ከገባ፣ መንግሥት እያበላውና እያስተማረው ያው ፈቃድ የሌለው ሆኖ ያድጋል።

መንገድ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሕግ ወላጆቹ ለበደሉት፣ ችላ ላሉት ወይም ለተዉት ስደተኛ ልጅ የተለየ በር ከፍቷል። ልጁ ከ21 ዓመት በታች፣ ያላገባ መሆን አለበት። የክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት ከአንዱ ወይም ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር መልሶ ማገናኘት እንደማይቻል፣ ወደ ሀገሩ መመለሱም እንደማይጠቅመው ማረጋገጥ ይኖርበታል። ያንን ውሳኔ ይዞ ለፌደራሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያመለክታል። መጨረሻው ግሪን ካርድ ነው፤ ወረፋው ግን ዓመታት ይወስዳል።

ችግሩ ይህ በር የሚዘጋው በልደት ቀን መሆኑ ነው። በብዙ ክፍለ ግዛቶች የቤተሰብ ፍርድ ቤት ሥልጣን ልጁ 18 ሲሞላው ያበቃል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2014 በእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ገደቡን ወደ 21 ከፍ አድርጋለች። ሁሉም ግን እንዲህ አላደረጉም። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ የኢሚግሬሽን ሕግ ላታውቅ ትችላለች። ዳኛውም ካልተጠየቁ አያነሱትም። ማንም ሳያስታውስ ሻማው ይለኮሳል፤ ልጁም ዕድሉን ያጣል።

የእኔ ሙያ ገበያ ነው። ሥራዬ ገንዘብ የት ቢወጣ ምን ያመጣል ብሎ መጠየቅ ነው። የሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያለ ወላጅ የገቡ ልጆችን የፍርድ ቤት መዝገብ አገላብጠው ነበር። ጠበቃ ከነበራቸው 73 በመቶው በሀገሪቱ እንዲቆዩ ሲፈቀድላቸው፣ ካልነበራቸው የተፈቀደላቸው 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጠንካራ ጉዳይ ያለው ልጅ ጠበቃ ማግኘትም ይቀለዋል ብለን ብናስብ እንኳ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

«ዜጋው ራሱ ጠበቃ አጥቶ ሳለ ለስደተኛ ልጅ ለምን ይከፈላል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የፎስተር ኬር ልጅን መንግሥት «የእኔ ነው» ብሎ ተረክቦታል። ለዓመታት ለምግቡ፣ ለአልጋው፣ ለትምህርቱና ለሕክምናው ይከፍላል። ከዚያ ለጠበቃ ሳይከፍል ቀርቶ የሥራ ፈቃድ የሌለው ጎልማሳ አድርጎ ቢያሰናብተው፣ ቤቱን ሠርቶ ጣሪያውን እንደመተው ነው። ልቦና ያለው ወላጅ ይህን አያደርግም።

ገንዘቡ ቢገኝም አስተማማኝ አይደለም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2014 ብቻቸውን ለገቡ ልጆች ጠበቃ 3 ሚሊዮን ዶላር መድባ ነበር። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ግን የፌደራሉ መንግሥት ወደ 26,000 ለሚጠጉ ልጆች ጠበቃ የሚከፍልበትን ውል አቋረጠ። በሚቀጥለው ወር በካሊፎርኒያ የምትገኝ የፌደራል ዳኛ ክፍያው እንዲመለስ አዘዘች። መሪዎች በተለዋወጡ ቁጥር የሚነሳና የሚወድቅ ድጋፍ ይዞ ልጅ ማሳደግ አይቻልም። ለፎስተር ኬር የሚመደበው ገንዘብ የጠበቃውንም ወጪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊያካትት ይገባል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የሩቅ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አክስቱ ወይም አጎቱ ቤት የሚያድግ፣ ወላጆቹ የተዉት ልጅ ታውቁ ይሆናል። ዘመዶቹ በፍርድ ቤት ሞግዚት ሆነው ከተሾሙ እርሱም በዚሁ ሕግ ሊጠቀም ይችላል። ስትደውሉ ስለ ትምህርቱ ብቻ አትጠይቁ፤ «ዕድሜው ስንት ደረሰ? ጠበቃ አነጋግራችኋል?» በሏቸው። ፎርም በመሙላት ብቻ ከሚተዳደር ሰው ይልቅ ፈቃድ ያለው ጠበቃ፣ ወይም የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ዕውቅና የሰጠው ወኪል ይፈልጉ። ልጁ 18 ከሞላው በኋላ ሳይሆን ዛሬ ያድርጉት።