«ጥናት አልተሠራም» ከመባሉ በፊት

አሰላ ተቀምጦ ስለ አርሲ ገበሬ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ የቤተ መጻሕፍቱን የመረጃ ቋት ይከፍታል። «ርዕስ» የሚለው ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ «አሰላ» ብሎ ይጽፋል። የሚመጣለት ጥቂት ነው። ወዲያው «በአካባቢው በቂ ጥናት አልተሠራም» ብሎ ያሰፍራል፤ አማካሪውም ያሳልፈዋል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ ሥራ የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ ካዱ፣ ተከታታይ የጥናት ኅትመቶች አውጥቷል። ርዕሳቸው ላይ «አሰላ» የግድ አይገኝም። «ደራሲ» በሚለው ሳጥን የድርጅቱን ስም የጻፈ ግን ያገኛቸዋል፤ ደራሲ ሰው ብቻ አይደለም።

የቦታ ስምም ይለዋወጣል። የዛሬው አርሲ በዚያ ዘመን ጽሑፎች «አሩሲ» ነው። አሰላ በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ «ኤስ»፣ አንዴ በሁለት ይጻፋል፤ በቁቤ ደግሞ ሌላ ነው። የሰው ስምም እንዲሁ፦ ባሕሩ ዘውዴን አንዱ ቋት «ባሕሩ» ሥር፣ ሌላው «ዘውዴ» ሥር ያስቀምጣቸዋል።

ይህ ተራ የኮምፒውተር ጉዳይ አይደለም። በካዱ ዘመን ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ከመሬቱ አፈናቅለዋል። ዛሬ አርሲ ላይ ስለ ኩታ ገጠም ስንዴና ስለ ኮምባይነር የሚጽፍ ሰው ያንን ካላነበበ ምን ሊመክር ነው? ገበሬውስ አባቱ የመለሰውን መጠይቅ እስከ መቼ ይመልስ?

መፍትሔው ቀላል ነው። «ጥናት የለም» የሚል ተማሪ በየትኛው ሳጥን፣ በየትኛው አጻጻፍ እንደፈለገ ይጻፍ። አማካሪውም ያንን ሳያይ አይፈርም።