ወርቁ ከመሸጡ በፊት



ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የአንገት ወርቋን በመሐረብ ቋጥራ ቤቴ መጣች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጇ ከኮቪድ ከዳነ ወዲህ ድካም አልለቀቀውም፤ ትምህርቱንም አቋርጧል። «ሲስተር፣ ድካምን በቀይ መብራት የሚያክሙ አሉ ብለውኛል። ወርቁን ልሽጠው?» አለችኝ።

ብርሃን መድኃኒት እንደሚሆን አልክድም። በሥራ ዘመኔ ቢጫ የሆኑ ጨቅላዎችን ዓይናቸውን ሸፍኜ በሰማያዊ መብራት ሥር አስተኝቻለሁ። የዚህ ሕክምና መነሻ የሙያ እኅቴ ናት፤ እንግሊዝ አገር በሮችፎርድ ሆስፒታል ትሠራ የነበረችው ሲስተር ዋርድ። በ1956 (እ.ኤ.አ.) ፀሐይ የነካው የሕፃኑ ገላ ቢጫነቱ ሲለቅ፣ በአንሶላ የተሸፈነው ግን እንዳለ መቅረቱን አስተዋለች። ዛሬ ምክንያቱ ይታወቃል፤ ብርሃኑ ቢጫ የሚያደርገውን ቢሊሩቢን ሰውነት ሊያስወግደው ወደሚችል ዓይነት ይለውጠዋል።

ከቫይረስ በኋላ ለሚቀር ድካም ግን ቀይ መብራት እንደሚያድን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም። ስለዚህ «ወርቅሽን መልሺ፤ ገንዘብ ካለሽ በቅድሚያ ለምርመራ አውጪው» አልኳት። ደም ማነስ፣ ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ ድብርት፣ ሁሉም ያደክማሉ፤ ሁሉም ሕክምና አላቸው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ያን ልጅ «ተነሥ፣ ሩጥ፣ ሰውነትህን አፍታታ» እያልኩ የገፋሁት እኔው ነኝ። ሮጠ፤ በማግስቱ ከአልጋው መነሣት አቃተው። እኔ ደግሞ ስንፍና መሰለኝ። ለካ ከጥረት በኋላ፣ አንዳንዴ ከአንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ፣ መውደቅ የዚህ ሕመም ዋና ምልክት ነው። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሥር የሰደደ ድካም ላለባቸው በዕቅድ እየጨመረ የሚሄድ ስፖርት እንዳይታዘዝ ብሏል። የሚሻለው አቅምን መቆጠብ ነው፤ ሥራን ከፋፍሎ መሥራት፣ ሳይዝሉ ማረፍ። ልጃችሁ ገላውን ታጥቦ የሚዝል ከሆነ ተቀምጦ ይታጠብ፤ የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አትጨምሩበት።

ብርሃን ካማራችሁ የጠዋት ፀሐይ በነፃ አለችላችሁ። በረንዳ ላይ ጥቂት መቀመጥ የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል፤ ለሌሊት እንቅልፍም ይረዳል። ድካሙን ግን አያድንም። ብርሃን የሚረብሸው ከሆነ ጥላ ይሻለዋል።

ጎረቤቴ ወርቋን ይዛ ተመለሰች። እኔም ማታ ሄጄ ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት። «ሲስተር፣ ሰነፍ አለመሆኔን ለእማዬም ንገሪልኝ» አለኝ። ነገርኳት። እናንተም ቤት እንዲህ የሚል ልጅ ካለ፣ ከመብራቱ በፊት እመኑት።

ሰላም ሰንብቱ።