ከጉሮሮ ተነሥቶ ልብን ስለሚያደክም ደዌ

ስለ ልብ ሕመም በተነገረ ቁጥር የብዙ ሰው አሳብ የሚሄደው ዕድሜያቸው ወደ ገፋ፣ ጮማና ጨው ወደሚያበዙ፣ ሲጋራ ወደሚያጨሱና የደም ግፊት ወዳለባቸው ሰዎች ነው፤ ይህም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ በከተሞቻችን የደም ግፊትና የስኳር ሕመም እየበረቱ መሄዳቸውን ሐኪም ቤት የተመላለሰ ሁሉ ይመሰክራል። ነገር ግን በአገራችን በልብ ደዌ ከሚሠቃዩት መካከል እጅግ ብዙዎቹ ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ያሉ ሕፃናትና ትዳር ለመያዝ የደረሱ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ደዌያቸውም የመጣው ከማዕድ መትረፍረፍ ሳይሆን፣ በሳምንት ውስጥ ይለቃል ተብሎ ከተናቀ የጉሮሮ ሕመም ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ ልከራከርለት የተነሣሁት ነገር፣ ለልብ ቀዶ ሕክምና የምንሰጠውን ያህል ክብርና ትጋት በየወሩ ለሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ እስካልሰጠን ድረስ፣ በቀዶ ሕክምናው ደጅ የተሰለፉት ሕሙማን ተራ ከቶ ሊያልቅ አይችልም የሚል ነው።

የደዌው አመጣጥ እንዲህ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ረቂቅ ተሐዋሲ በሕፃኑ ጉሮሮ ባደረ ጊዜ ሰውነት ራሱን ለመከላከል ይነሣል፤ ሆኖም የተሐዋሲው አካል ከልብ ሥጋ ጋር በአንዳንድ ነገር ስለሚመሳሰል፣ በጥቂት ሕፃናት ላይ ይህ መከላከያ ጠላቱንና የራሱን ወገን መለየት ተስኖት የገዛ ልቡን መጉዳት ይጀምራል። የጉሮሮው ሕመም ከለቀቀ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ጉልበቱ ያብጥና፣ እርሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱን፣ ያም ሲተወው ክርኑን ያመዋል። እናትም ሲሮጥ ወድቆ ይሆናል፣ ወይም ብርድ መትቶታል ብላ ቅቤ ታሸዋለች፤ እብጠቱም በእርግጥ ይጠፋል። የማይጠፋው በልብ ውስጥ የቀረው ጠባሳ ነው። ልብ በቀንና በሌሊት ውስጥ 100,000 ጊዜ ያህል ሲመታ፣ በእያንዳንዱ ምት ይከፈቱና ይዘጉ ዘንድ የተፈጠሩት ቫልቮች፣ ይልቁንም በግራ በኩል ያለው ሚትራል የሚባለው፣ በዚያ ጠባሳ ምክንያት ይጠብባሉ ወይም መግጠም ይሳናቸዋል።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ያልፋሉ። ልጁ ዳገት ሲወጣ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ መቅረት ይጀምራል፤ ሌሊት ትራስ ደራርቦ ካልሆነ መተኛት አይሆንለትም፤ እግሩም ያብጣል። በሴቶች ላይ ግን መከራው ይበረታል፤ በእርግዝና ወራት የደም መጠን በግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ የጠበበው ቫልቭ ያን ሁሉ ደም ማሳለፍ ያቅተዋልና፣ ጤነኛ ነኝ ብላ የኖረች ወጣት የልብ ሕመምተኛ መሆኗን የምታውቀው በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ወሯ ትንፋሽ አጥሯት ሐኪም ቤት በደረሰች ጊዜ የሚሆንበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ይህ እርግዝና ራሱ ያመጣው ሕመም አይደለም፤ በልጅነቷ ዘመን ጉሮሮዋን ባመማት ጊዜ አንድ መርፌ ቢሰጣት ኖሮ ሊቀር ይችል የነበረ ነው።

በየቤታችን ግን ልጅ ጉሮሮውን ባመመው ጊዜ የሚደረገው ምንድን ነው? ዝንጅብልና ማር መስጠት ክፋት የለበትም፤ ያስታግሳልም። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ በምላጭ ማስቆረጥ ግን፣ ደም በማፍሰስና በቁስል መመረዝ ሕፃኑን ለሞት ከማጋለጡ በቀር፣ ተሐዋሲውን ከሰውነት አያስወጣውም፤ ይህን ልማድ ዛሬም የሚያደርጉና የሚያስደርጉ መኖራቸው ያሳዝነኛል።

በቀዶ ሕክምናው በኩል የተገኘውን ጸጋ ማቃለል አልፈልግም። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ማኅበር በመሠረቱ ጊዜ፣ በአገር ውስጥ ልብ የሚከፈትበት ማዕከል ስላልነበረ፣ ሕፃናቱ ወደ ውጭ አገር መላክ ነበረባቸው፤ ከሃያ ዓመት ድካም በኋላም እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። በሌላ ወገን፣ ጃፓናዊው ሐኪም ካንጂ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለሕክምና ያበቁት ጥበብ፣ ደረት ሳይከፈት በጭን ደም ሥር በኩል ፊኛ አስገብቶ የጠበበውን ቫልቭ የሚያሰፋ በመሆኑ፣ ብዙዎችን ከቢላዋ አድኗል። ከሞት አፋፍ የተመለሰ ልጅ ያለው ቤተሰብ የእነዚህን ሰዎች ሥራ ዋጋ ከእኔ የበለጠ ያውቃል።

ሆኖም ቀዶ ሕክምናው የመከራው ፍጻሜ አለመሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ከብረት የተሠራ ቫልቭ የገባለት ሰው ደሙ በቫልቩ ላይ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ዕድሜውን ሙሉ መዋጥ አለበት፤ መጠኑ ካነሰ ደም ረግቶ አንጎልን ይመታል፣ ከበዛም ሰውነቱ ይደማል፤ ስለዚህም ደሙን በየጊዜው ማስመርመር ግድ ነው። ምርመራው የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች በሚሆንበት አገር፣ ከገጠር የመጣች ልጅ ይህን ሥርዓት እንደምን ጠብቃ ትኖራለች? ባል አግብታ መውለድ በፈለገች ጊዜም መድኃኒቱ ራሱ ለፅንሱ አስጊ ይሆንባታል።

እንግዲህ በደዌው ለተነኩ ልጆች በየወሩ የሚሰጠው መርፌ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ለማስቀረት የሚችል ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ የመርፌ ክፍል ሲሰጥ በቅርብ ተመልክቻለሁ። ነርሷ በብልቃጡ ውስጥ ያለውን ነጭ ዱቄት በውኃ በጥብጣ ወተት አስመሰለችው፤ ቶሎ ካልተወጋ መርፌውን ይደፍናልና እጇ አልዘገየም። የ12 ዓመት ያህል የምትሆነው ልጅ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደ ለበሰች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጥርሷን ነከሰች፤ እናቷም «አይዞሽ እናቴ፣ አለቀ አለቀ» እያለች እጇን ያዘቻት። ከዚያም ልጅቱ እያነከሰች ወጣች፤ በካርዷም ላይ ከአራት ሳምንት በኋላ የምትመለስበት ቀን ተጻፈ። ይህ ሥርዓት ቢያንስ ለአሥር ዓመት፣ ልባቸው ክፉኛ ለተጎዳውም እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ድረስ የሚቀጥል ስለሆነ፣ የሚጠይቀው ትዕግሥት ቀላል አይደለም።

ፍሬው ግን በማስረጃ የተረጋገጠ ነው። በሰሜን ኡጋንዳ፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆነ፣ በልብ አልትራሳውንድ ብቻ የሚታይ ጅምር ጉዳት የተገኘባቸው 818 ልጆች በሁለት ወገን ተከፍለው ለሁለት ዓመት ተጠኑ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2022 እንደ ተነገረው፣ በየአራት ሳምንቱ ከተወጉት መካከል ሕመማቸው የባሰው 3 ሲሆኑ፣ ካልተወጉት ወገን ግን 33 ነበሩ። ኩባ ደግሞ በፒናር ዴል ሪዮ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1996 ድረስ ሕሙማንን መዝግባ፣ ሕዝቡን አስተምራና መርፌውን ሳታቋርጥ ሰጥታ የደዌውን ኃይል እጅግ አዳክማለች። እኛም ቢሆን ምን መደረግ እንዳለበት አላጣነውም፤ የአፍሪካ ኅብረት ጉዳዩን ተቀብሎ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው የአቋም መግለጫ የተሰየመው በአዲስ አበባ ስም ነው፤ በውስጡም የሕሙማን መዝገብ እንዲኖርና የመርፌው መድኃኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከመጋዘን እንዳይጠፋ ታዟል።

ታዲያ ስለ ምን ይቀራል? አንደኛው ምክንያት መድኃኒቱ ርካሽ በመሆኑ ነው፤ ትርፍ የማያስገኝ ነገር ሠሪውም አስመጪውም ጥቂት ነው። ሁለተኛውና እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ፍርሃት ነው። ከመርፌው በኋላ የሞተ ሰው ወሬ በተሰማበት ቦታ ሁሉ ባለሙያዎች ፔኒሲሊን መስጠትን ይሸሻሉ፤ ሕመምተኛውም መድኃኒቱን በእጁ ይዞ የሚወጋው አጥቶ ከደጅ ወደ ደጅ ይንከራተታል። ባለሙያውን ፈሪ ብሎ መዝለፍ አግባብ አይደለም፤ ከሥራው በኋላ የሚጠየቀው ብቻውን ነውና። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ግን፣ ልባቸው ክፉኛ በደከመ ሕሙማን ላይ ከመርፌው ቀጥሎ የሚደርሰው ድንገተኛ ሞት ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቱ አለመስማማት ይልቅ ከልባቸው ድካም የሚመጣ ሊሆን እንደሚችል ገልጾ፣ ለእነዚህ በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን እንዲታሰብላቸው መክሯል። ስለዚህ ማንን በአፍ፣ ማንን በመርፌ ማከም እንደሚገባ የተማረ፣ ለመድኃኒቱ አለመስማማት ማርከሻ የሚሆነው አድሬናሊንም በአጠገቡ የተዘጋጀለት ነርስ የሚፈራበት ምክንያት እጅግ ይቀንሳል፤ ጤና ሚኒስቴርም በየጤና ጣቢያው ሊያሟላለት የሚገባው ይህንኑ ነው።

ካህናት አባቶቻችንም በዚህ ድርሻ አላቸው። ሕመምተኛ ጠበል በገባ ጊዜ የወር መርፌውንና ኪኒኑን እንዳይተው ቢመክሩ፣ የሚናገሩት ከመጽሐፍ ውጭ አይሆንም፤ ባለመድኃኒቱን አክብር የሚለው ትምህርት በመጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛልና። በአገር ውስጥም ሆነ በአሜሪካና በአውሮፓ ሆነው ለአንድ ሕፃን ቀዶ ሕክምና ገንዘብ የሚያሰባስቡ ወገኖቻችን ደግሞ ምጽዋታቸውን ሳይቀንሱ፣ ከዚያው ገንዘብ ከፍለው በአንድ ወረዳ የሕሙማንን መዝገብ ለሚይዝና የቀሩትን በስልክ ፈልጎ ለሚያመጣ አንድ ሠራተኛ ደመወዝ ቢያደርጉት፣ ለቀዶ ሕክምና ሳይደርሱ የሚድኑት ልጆች ቁጥር በመዝገቡ ላይ ይታያቸዋል።