አእምሮ በመሣሪያ አይለካም

የጥንት ሰው ቤት ያልሠራ፥ እርሻ ያላረሰ፥ ፊደልም ያልቀረጸ ስለ ነበረ ማሰብን አያውቅም ነበር የሚሉ ሰዎች ዛሬም አይታጡም። ይህ ግምት ስሕተት ለመሆኑ ዋሻዎች ይመሰክራሉ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. በእስፓኝ አገር አልታሚራ በሚባለው ዋሻ ውስጥ፥ ማርሴሊኖ ሳንስ ደ ሳውቱዎላ ምድሩን ሲመረምር፥ አብራው የገባች ትንሽ ሴት ልጁ ቀና ብላ ብትመለከት በጣራው ላይ በቀለም የተሣሉ የዱር በሬዎችን አየች። አባትየው በ1880 ዓ.ም. ሥዕሎቹ የጥንት ሰዎች ሥራ መሆናቸውን በጽሑፍ አሳተመ። የዘመኑ ሊቃውንት ግን ይህን ያህል ጥበብ ከዋሻ ነዋሪ ይገኛል ብለው ለመቀበል እምቢ አሉ፤ የማታለል ሥራ ነው ያሉም ነበሩ። ሳውቱዎላ በ1888 ዓ.ም. እውነቱ ሳይታመንለት ሞተ። ተመሳሳይ ሥዕሎች በፈረንሳይ ዋሻዎች ከተገኙ በኋላ፥ ከዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አንዱ የነበረው ኤሚል ካርታያክ በ1902 ዓ.ም. መሳሳቱን በይፋ አመነ። ሊቃውንቱን ያሳታቸው የማስረጃ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ትዕቢትም ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ የተገኘው ማስረጃ ደግሞ ነገሩን ወደ አፍሪካ አቀረበው። በደቡብ አፍሪካ በብሎምቦስ ዋሻ የኖሩ ሰዎች ከ100,000 ዓመት ገደማ በፊት ቀይ አፈር ፈጭተው፥ ከአጥንትና ከከሰል ጋር ቀላቅለው፥ በባሕር እንስሳ ቅርፊት ውስጥ አኑረውት ተገኝቷል። በዚሁ ዋሻ 73,000 ዓመት ያህል በሆነው ትንሽ የድንጋይ ስባሪ ላይ በቀይ ቀለም የተሰመሩ፥ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ መስመሮች መገኘታቸው በ2018 ዓ.ም. ተገልጿል። የመስመሮቹን ፍች የሚነግረን የለም። ሆኖም ቀለም ቀምሞ የሚያስቀምጥ ሰው ለነገ የሚያስብ ሰው ነው፤ በድንጋይ ላይ ምልክት የሚያሰምርም በእጁ ከመሥራቱ በፊት በልቡ የሣለ ነው።

በእኛም ዘንድ በቆሓይቶ አምባ በአዲ አላውቲ ዋሻ የእንስሳትና የሰዎች ሥዕሎች አሉ። ዕድሜያቸው ከእነዚያ እጅግ ቢያንስም ክብራቸው አያንስም። እነዚህን የሥራ ፈት ጭረት ናቸው ብሎ የሚያልፍ ሰው የአልታሚራን ሊቃውንት ስሕተት ይደግማል። ፊደል ያልቆጠረውን ገበሬና እረኛ አሳብ የለውም ብሎ የሚንቅም ከእነርሱ አይሻልም። ስለዚህ የድንጋዩን ሥዕል ከመፋቅ እንጠብቀው፤ የባልንጀራችንንም አእምሮ በያዘው መሣሪያ አንመዝን።