ጥላው የማን ነው?

ካሜራ አንግተው ከፒያሳ እስከ መርካቶ የሚኳትኑ አማተር ፎቶ አንሺ ጓደኞቻችን አንድ የማይናወጥ እምነት አላቸው። «ፎቶ ማለት ብርሃንና ጥላ ነው፤ የቀረው ወሬ ነው» ይላሉ። ይህ የት ነው ብለን ስንጠይቅ «ምን ያደርግላችኋል?»፤ ሰውየውስ ማን ነው ስንል «ቅርጹን አታዩም እንዴ!» ይሉናል። እንዲህ ያለው እምነት በዝምታ የሚታለፍ አይደለም እንላለን።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኛ የብርሃንና የጥላ ጠላቶች አይደለንም። «ሕዝብ በተቸገረበት አገር የግድግዳ ጥላ ማንሳት ቅንጦት ነው» ከሚሉት ወገንም አይደለንም። ባለሙያው ሠርግና ስብሰባ ሲያነሳ ይውላል፤ እንጀራው ነውና አይፈረድበትም። ማንም ያላዘዘውን ግድግዳ፣ ማንም የማይከፍልበትን ደረጃ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ቆርቆሮ ክዳን ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ቆሞ ለማየት ነጻነት ያለው አማተሩ ነው። ከተማችን ይህን ዓይን ትፈልገዋለች። ጠባችን ዓይኑ ካየ በኋላ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራው ፀሐይ ለመታው ግድግዳ ሲስተካከል በግድግዳው ፊት የሚያልፈው ሰው ይጠቁራል። ሊስትሮው፣ ባለጋሪው፣ ጆንያ የተሸከመው ወዛደር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ቅርጽ ይሆናሉ። ይህ የካሜራው ባሕርይ ብቻ አይደለም፤ የአንሺው ምርጫም ነው። ጥቂት እርምጃ ዞር ቢል ፊቱ ይታየው ነበር። ግን ፊት ከታየ ወዛደሩ ሰው ሊሆን ነው፤ ሰው ከሆነ ፈቃድ ሊጠየቅ ነው፤ ፈቃድ ከተጠየቀ ጨዋታ ሊመጣ ነው፤ ጨዋታው ሲመጣ ደግሞ ብርሃኑ ሊያመልጥ ነው! ስለዚህ ይጥቆር ተብሎ ተፈረደበት። ከዚያም «የከተማ ግጥም» የሚል ስም ይወጣለታል።

«ታዲያ ፋን ሆስ?» ይሉናል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሆንግ ኮንግን ጎዳናዎች በጥቁርና ነጭ ያነሳውን ሰው ማለታቸው ነው። መልካም፣ እሱኑ እንጥራ። በ1954 (እ.ኤ.አ.) የተነሳው ዝነኛ ፎቶው አንዲት ሴት በትልቅ ነጭ ግድግዳ ሥር ቆማ ያሳያል፤ ጥላ ግድግዳውን በሰያፍ ቆርጦ ወደ እሷ ይወርዳል። ሴትየዋ ዘመዱ ነች፤ ቁሚልኝ ብሏት ነው የቆመችው። ጥላው ደግሞ ግድግዳው ላይ አልነበረም፤ በኋላ ጨለማ ክፍል ገብቶ የጨመረው እሱ ነው። ይህንንም ራሱ ተናግሯል። እኛ ሐሰት ነው አንለውም፤ ጥበብ የሌለውን መፍጠር ትችላለች። ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። ፋን ሆ የፈጠረውን ጥላ «የኔ ነው» አለ። እናንተ የወዛደሩን ጥላ ወስዳችሁ «የማንም አይደለም» ትላላችሁ። እንግዲህ እሱ ለእናንተ ጠበቃ ሊሆን አይችልም።

ለእኛ አገር ሰው ጥላ ጌጥ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የቤተ ክህነት ሰዎች ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ ሰዓት ያውቁ ነበር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ያለች ከተማ ነች። በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጥላችን እግራችን ሥር ይገባል። በዚያው ሰዓት በሰኔ ወደ ደቡብ፣ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ስለዚህ ጥላ ሰዓት ነው፤ ወር ነው፤ አቅጣጫ ነው። ከዚህም ሌላ ግድግዳ ላይ ያረፈ ጥላ ከፎቶው ውጭ የቀረው፣ ማዶ የቆመው ቤት ምስክር ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ ፒያሳን ያስብ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ብዙው ክፍል ፈርሷል። መፍረስ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። የፈረሰው ግን ፈርሷል፤ የአሮጌ በረንዳ ጥላ ማዶ ግድግዳ ላይ ያረፈበት ፎቶ አሁንም በአማተሮች እጅ አለ። ከቤቱ የቀረው ጥላው ብቻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው! ታዲያ ያ ፎቶ «ብርሃንና ጥላ፣ ቁጥር 7» ተብሎ ከተቀመጠ እዚያ ግቢ ያደገ ሰው በምን ያውቀዋል? የነገ ታሪክ ተማሪስ ምን ብሎ ይጠቅሰዋል? የት እንደነበረ የማይናገር ምስክር ከሌለ ምስክር በምን ይሻላል?

«ጽሑፍ ፎቶውን ይገድለዋል» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ፈረንሳዊው ኧዤን አትዤ በ1927 (እ.ኤ.አ.) እስኪሞት ድረስ የአሮጌዋን ፓሪስ ጎዳናዎችና ደጃፎች ሲያነሳ ቦታውን እየጻፈ፣ ቁጥር እየሰጠ ነው። የመንገድ ስም ስለተጻፈበት የአንዱም ማለዳ ብርሃን አልደበዘዘም። የሚገድለው ጽሑፍ ሳይሆን ስንፍና ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሦስት መስመር ጻፉ፦ የት፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት። ሰው ካለበት አራተኛ መስመር ይጨመር፦ ፈቅዷል ወይ? ስሙ እንዲጻፍለት ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም? በስልክ ላነሳው ሁሉ ጀርባ የለውም የምትሉም አንድ ደብተር ግዙ።

ይህን የማይቀበል ካለ በሚቀጥለው እትም ይሟገተን፤ ገጹ ክፍት ነው። ብቻ በዚህ ማባዣ ፎቶ እንደማይወጣ ይወቀውና ያነሳውን በቃል ይንገረን። የት እንደነበረ፣ ማን እንደነበረ፣ ጥላውም የማን እንደነበረ ያን ጊዜ እንሰማዋለን።