ማስታወቂያው አይፈርምም

ባለፈው እሑድ የቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ ልጄ ስልኩን አውጥቶ፣ «እማዬ፣ ይህን ስሚማ» አለኝ። እኔም በሬዲዮ የምሰማው የቤት ሽያጭ ዝግጅት ነው። አቅራቢው፣ «አንድ ሚሊዮን ብር በ16 በመቶ ወለድ ይበደሩ፤ በ20 ዓመት ቀስ ብለው ይከፍላሉ፤ ከኪራይ ይገላገላሉ» ይላል። ልጄ አሰላና፣ «160 ሺህ ብር ብቻ ጨምረን እኮ ነው የምንመልሰው» አለ። የምራቴ ፊት በራ። ቀጥሎ የመጣው እኔን የሚመለከት ነበር፤ ባንኩ መያዣ ስለሚፈልግ፣ ከአባቱ ጋር ጥረን ግረን የሠራናት ቤት ካርታ ተጠየቀ።

እውነቱን ልናገር። ያቺን የ160 ሺህ ስሌት መጀመሪያ ያወራሁት እኔ ነኝ። በዕድራችን ስናገር «ከየት አገኘሽው?» ያለኝ ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ ሦስታችንም ባንክ ሄድን። የብድር ሠራተኛዋን የየወሩን ክፍያ የሚያሳይ ሠንጠረዥ እንድታትምልን ጠየቅናት። 16 በመቶው አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ነው። የወሩ ክፍያ 13,913 ብር ገደማ ሆነ። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 13,333 ብሩ ወለድ ነው፤ ዋናውን ዕዳ የሚቀንሰው 580 ብር ብቻ ነው። 15 ዓመት ሙሉ ከፍለው እንኳ 572 ሺህ ብር ያህል ዕዳ ይቀራቸዋል። በ20 ዓመት የሚከፍሉት ጠቅላላ ገንዘብ ከ3.3 ሚሊዮን ብር ይበልጣል። የሁለቱ ደመወዝ ተደምሮ ደግሞ 26 ሺህ ብር ነው።

ከባንኩ ስንወጣ ልጄ ተናደደ። «ሕዝብ ሲያሳስቱ ዝም ይባላሉ?» አለ። ዝም ሊባሉ አይገባም። ቤት ሻጩ ስፖንሰር ያደረገውን ዝግጅት እንደ ምክር ማቅረብ ያስጠይቃል። አቅራቢው ግን ውሸት አልተናገረም፤ ግማሹን ነገረን፣ የቀረውን እኛው በምኞታችን ሞላነው። ውሉ ላይ የሚፈርመውም እሱ አይደለም።

በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ ብድሩ በጊዜው ካልተከፈለ ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልገው መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ያን ቀን «በሬዲዮ ሰምቼ ነበር» ማለት ቤት አያስመልስም።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ካርታ ወይም ዋስትና ሲጠይቋችሁ ወዲያው እሺም እምቢም አትበሉ። አብራችኋቸው ባንክ ሂዱና ጠይቁ። የወሩ ክፍያ ስንት ነው? እስከ መጨረሻው ጠቅላላው ስንት ይሆናል? ባንኩ ወለዱን መሃል ላይ መጨመር ይችላል? ክፍያ ቢዘገይ ቅጣቱ ምንድን ነው? መልሱን በወረቀት ተቀበሉ፤ ውሉንም ቤት ወስዳችሁ አንብቡት።

ብድር ክፉ ነው አላልኩም። ግማሹን ቢበደሩ የወሩ ክፍያ ወደ 6,956 ብር ይወርዳል፤ የቀረውን እስኪቆጥቡ ግን በኪራይ መቆየት ግድ ይሆንባቸዋል። ምራቴ ተስማምታለች፤ ልጄ ትንሽ አኩርፏል። ካርታዋ እስካሁን ሳጥን ውስጥ ናት።

እኔ ደግሞ በመጪው የዕድር ስብሰባ የማርመው ነገር አለኝ።