መዝገብ የማያውቀው ኪሳራ

ቡና ነጋዴ በጆንያው ስፌት ዋጋ አይቆርጥም። ናሙና ያስወጣል፣ ጥሬውን ያያል፣ አስቆልቶ ያስቀምሳል። ይህን ጥንቃቄ ለቡና የማይነፍገው ነጋዴ ሰው ሲቀጥር ግን በግማሽ ሰዓት ጨዋታ ይፈርዳል። ለመሆኑ የዚህ ፍርድ ዋጋ ስንት ነው? የአሜሪካ የሶፍትዌር ገበያ አንድ መልስ አለው።

ብሪያን አክተን በያሁ ኩባንያ ለዓመታት በመሐንዲስነት የሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ፈላጊ ነበር። ትዊተር ሳይቀበለው ቀረ፤ እሱም መንገዱ ሩቅ ነበር ብሎ አለፈው። ከጥቂት ወራት በኋላ ፌስቡክም መለሰው። ከዚያም ከቀድሞ ባልደረባው ከጃን ኩም ጋር በዋትስአፕ ሥራ ተሰማራ። እ.ኤ.አ. በ2014 ፌስቡክ ዋትስአፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ። በወር ደመወዝ ሊያስገባው ይችል የነበረውን ሰው ከነድርጅቱ ገዛው ማለት ነው።

አክተን ተቀጥሮ ቢሆን ኖሮ ዋትስአፕ እንዲህ ባላደገ ነበር የሚል ይኖራል፤ ሊሆንም ይችላል። ቀጣሪዎችም በበኩላቸው ሰነፍ ከማስገባት ጎበዝ ማጣት ይሻላል ይላሉ። ይሁንና ሒሳቡ ጎደሎ ነው። የሰነፉ ደመወዝ በየወሩ ወጪ ተብሎ ስለሚመዘገብ ይታያል። የተመለሰው ጎበዝ ለተፎካካሪ የሚያስገኘው ትርፍ ግን በመላሹ ድርጅት መዝገብ ላይ አይሰፍርም። አለመስፈሩ ደግሞ ኪሳራነቱን አያስቀረውም።

ጠያቂዎች ዓይናችን ሰው አይስትም ቢሉም ማስረጃው አይደግፋቸውም። በወቅቱ የጉግል የሰው ኃይል ኃላፊ የነበሩት ላዝሎ ቦክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለኒውዮርክ ታይምስ እንደገለጹት፣ ኩባንያው በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ቃለ መጠይቆችን መርምሮ ጠያቂዎች በሰጡት ነጥብና ተቀጣሪዎቹ ኋላ ባሳዩት የሥራ ውጤት መካከል ዝምድና አላገኘም። እንቆቅልሽ መጠየቅንም ጊዜ ማባከን ብለውታል። እሳቸው የተሻለ ያሉት ለሁሉም አመልካች ወጥ ጥያቄ አቅርቦ በወጥ መስፈርት መመዘንን ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ባንክም ሆነ አስመጪ ድርጅት ፕሮግራም ጸሐፊ ሲቀጥር ጥያቄውንና የነጥብ አሰጣጡን አስቀድሞ ይጻፍ። ከዕለት ተዕለት ሥራው ቆንጥሮ አንድ ትንሽ ሥራ ያሠራ፤ ለሰዓቱም ይክፈል። ናሙና ማለት ይኸው ነው። ሳይቀምስ የገዛም፣ ሳይቀምስ የመለሰም ገበያውን አይውቀስ።